ሌሊት የሚመጣው ማን ነው? ስለ ሙት መንፈስ፣ ስለ ዱካክና ስለ ምክንያታቸው

መብራት አጥፍታችሁ የምታዳምጡ ካላችሁ አብሩት፤ የዛሬው ወሬያችን ስለ ሙት መንፈስ ነው።

በራሴ ልጀምር። ከጸባ ከወጣሁ በኋላ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አሮጌ ዲራ ተከራይተን ነበር። ሌሊት ጥበቃ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። እንቅልፍ የማገኘው በቁንጥር ነው። አንድ ቀን ንጋት ላይ በጀርባዬ እንደተኛሁ ዓይኔ ተገለጠ። መስኮቱ ይታየኛል፣ የማዝጋኑ መብራት ይታየኛል። እጄን ላንሳ ብል እምቢ አለኝ። በሩ ጋ ጥላ የመሰለ ሰው ቆሟል። ቀረብ አለ፣ ቀረብ አለ፣ ከዚያ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ልጮህ ብል ድምፅ የለም። ለስንት ሰኮንድ እንደቆየ እንጃ፤ ለእኔ ግን አንድ ዓመት ነበር። በመጨረሻ የእግሬ ጣት ተንቀሳቀሰች፤ ያኔ ሁሉም ነገር ብን ብሎ ጠፋ።

ጠዋት ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀና "አንተ ፕሲኮሎግ ያስፈልግሃል" አለኝ። ለአያቴ ደውዬ ስነግራቸው ግን ትንሽም አልደነገጡም። "ዱካክ ነው ልጄ። በጀርባህ አትተኛ" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጓደኛዬ ጨርሶ አልገባውም። አያቴ ግን ነገሩን በስሙ አወቁት፣ ምክርም ሰጡኝ። ቆየት ብዬ ሳነብ ምን አገኘሁ? የእንቅልፍ ሐኪሞችም በጀርባ አለመተኛትን ይመክራሉ!

ዛሬ መንፈስ አለ ወይስ የለም ብዬ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። እሱን እያንዳንዱ ከእምነቱ ጋር ይጨርሰው። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው፣ ሰዎች "መንፈስ መጣብኝ" ሲሉ ሁሉም ስለ አንድ ነገር እንደማያወሩ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ዓይነቱ ሲለያይ ምክንያቱም መፍትሔውም ይለያያል። ዓይነቱን ሳይለዩ መፍረድ ደግሞ ሰው ይጎዳል። የእኔን ቤተሰብ ጎድቷል፤ እሱን መጨረሻ ላይ አጫውታችኋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አንደኛ፦ ደረት ላይ የሚቀመጠው

ሕልም በብዛት የምናይበት አንድ የእንቅልፍ ክፍል አለ። በዚያ ሰዓት አእምሯችን ልክ እንደነቃ ሰው ይሠራል። ሰውነታችን ግን ይታሰራል፤ የሚንቀሳቀሱት ዓይኖቻችንና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ናቸው። ለምን? በሕልማችሁ ስትሮጡ ከአልጋ ተነስታችሁ እንዳትሮጡ ነው። ጥሩ ጥበቃ ነው።

አንዳንዴ ግን አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ማሰሪያው ገና አልተፈታም፣ ሕልሙም አላለቀም። ዓይናችሁ የእውነተኛውን ክፍል ያያል፤ ሕልማችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ሰው ይጨምርበታል። ደረት ላይ ክብደት የሚሰማችሁ፣ በኃይል ለመተንፈስ ስትሞክሩ የደረት ጡንቻ እንደፈለጋችሁት ስለማይታዘዝ ነው። ፍርሃቱ ደግሞ የራሱ የአእምሮ ሥራ ነው፤ "መንቀሳቀስ አልቻልኩም፣ ስለዚህ አንድ አደጋ አለ" ይላል፣ አደጋውን ሰው አድርጎ በሩ ላይ ያቆመዋል።

በ2011 የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ከ100 ሰው 8 ያህሉ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ደርሶበታል። ከተማሪዎች መካከል ደግሞ ከ100 ወደ 28 ይደርሳሉ። የሚያባብሱት ነገሮች የእንቅልፍ እጦት፣ የተዘበራረቀ የመኝታ ሰዓትና ጭንቀት ናቸው። ሌሊት ጥበቃ፣ ቀን ትምህርት፤ ዱካክን ግብዣ የጠራሁት እኔው ራሴ ነበርኩ ማለት ነው።

ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ደግሞ "አሮጊቷ መጣችብኝ" ይላሉ። ፉዝሊ የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሠዓሊ በ1781 የተኛች ሴት ደረት ላይ ጉብ ያለ ጭራቅ ስሏል። ከጎንደር እስከ ቶኪዮ አካሉ አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል።

ምን ይደረግ? በጎን መተኛት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት። ሲይዛችሁ ከመታገል ይልቅ አንዲት ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስባችሁ ከሆነ፣ ወይም ቀን ላይ ሳታስቡት እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ ግን ወደ ኩፓት ሆሊም ሂዱና ልክ እንዳያችሁት ንገሩት። ሐኪሙ ይህን ነገር ያውቀዋል፤ አትፈሩ።

ሁለተኛ፦ ቤት የሚይዘው

ይህኛው ሰውን ሳይሆን ቦታን የሚከተል ነው። "ያ ቤት ጋኔን አለበት" የሚባለው። ኮቴ ይሰማል፣ ሰው ያለ ይመስላል፣ ገብቶ የሚያድር ሁሉ ይጨነቃል።

በ1921 በአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች መጽሔት ላይ አንድ የሚገርም ታሪክ ወጣ። የጻፉት ዊልያም ዊልመር የሚባሉ ሐኪም ናቸው። በ1912 አንድ ቤተሰብ ወደ ትልቅ አሮጌ ቤት ይገባል። ብዙም ሳይቆዩ ራስ ምታት ይጀምራቸዋል፤ ልጆቹ ይገረጣሉ፤ የቤት ውስጥ አትክልት ይደርቃል። ሌሊት ኮቴ ይሰማሉ፣ የማያውቁት ሰው ይታያቸዋል። ቤቱን መንፈስ ይዞታል አሉ። በመጨረሻ ማሞቂያው ሲመረመር ተበላሽቶ ጭሱን ወደ ጭስ መውጫው ሳይሆን ወደ ቤት ውስጥ ሲለቅ ተገኘ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ማሞቂያው ተሠራ፤ መናፍስቱም አብረው ሄዱ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደማችን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ አእምሮ ሲታፈን ደግሞ የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል። ወላጆቻችን ይህን በሌላ ስሙ ያውቁታል፤ "ከሰል መታው" የሚባለው እኮ እሱ ነው። አገር ቤት በብርድ ጊዜ ከሰል ያለበትን ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሱ ስንቶች ናቸው። እዚህም ክረምት ሲመጣ የጋዝ ማሞቂያ አለ፣ ለቡና ተብሎ የሚገባ ከሰል አለ።

ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው፣ ጸሎቱ ይቆይ። መጀመሪያ ሰዎቹን ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ፣ በር እንደተከፈተ ተዉት። ከዚያ ለእሳት አደጋ 102፣ ለማገን ዳዊድ አዶም 101 ደውሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያም በገበያ ላይ አለ። ለአያቶቻችሁ ቤት ግዙላቸው።

ቤት የሚይዝ ሌላም ነገር አለ፤ ድምፅ ነው። ያውም የማይሰማ ድምፅ። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሕክምና ዕቃ በሚሠራ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሠራተኞቹ ቤቱ መንፈስ አለበት ይላሉ። አንድ ማታ ብቻውን ሆኖ ሲሠራ ቀዝቃዛ ላብ አላበው፣ በዓይኑ ጠርዝ ግራጫ ነገር አየ፤ ዞር ሲል የለም። በማግስቱ ለሰይፍ ውድድር የሚሆን ሰይፉን ሊያስተካክል ይዞ መጣና በመቆንጠጫ አሰረው። ሰይፉ ማንም ሳይነካው መንቀጥቀጥ ጀመረ! ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። እሱ ግን ከየት እንደሚመጣ መከታተል ጀመረ። አዲስ የተተከለ አየር ማስወጫ ሆኖ ተገኘ። በሰኮንድ 19 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ይለቅ ነበር። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው ከ20 አካባቢ ነው። የአየር ማስወጫው አገጣጠም ሲስተካከል ስሜቱም ጠፋ። ይህን በ1998 ጽፎ አሳተመው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ተመራማሪ አልተቀበለውም፤ ከእሱ በኋላ የተሠሩት ሙከራዎች ውጤት የተደበላለቀ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሰውዬው ነው። ፈራ፤ ቢሆንም ተመልሶ መጣና "ከየት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ሦስተኛ፦ የምናውቀው ሰው ሲመጣ

ይህኛው ከበድ ይለኛል።

አባቴ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ሁልጊዜ ከንጋቱ 5 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ወጥ ቤት ገብቶ ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ከዚያ ቁልፉን ያነሳል። ካረፈና ሺቫው ካለቀ በኋላ፣ እናቴ ቤት ባደርኩ ቁጥር ያ ሳል ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ቁልፉ። ለማንም አልተናገርኩም። አበደ እንዳይሉኝ።

ከወራት በኋላ ከእናቴ ጋር ቡና እየጠጣን፣ እንዲሁ በመሐል "አባትህ ዛሬም ተነስቶ ነበር" አለችኝ። እሷም ትሰማዋለች! እሷም ልጄ ይደነግጣል ብላ አልነገረችኝም። ሁለታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዳችን ከአንዳችን ደብቀን፣ አንድ ሰው ስንሰማ ኖርን።

ደዊ ሪስ የሚባል የዌልስ ሐኪም በ1971 ባሳተመው ጥናት ባል ወይም ሚስት የሞቱባቸውን 293 ሰዎች ጠይቋል። ግማሽ ያህሉ ሟቹን አንድም በአጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል፣ አንድም አይተውታል፣ ወይም ድምፁን ሰምተዋል። ከሦስቱ ሁለቱ በላይ ጥናቱ እስኪመጣ ድረስ ለማንም አልተናገሩም ነበር። አብዛኞቹ ግን ነገሩ አጽናናቸው እንጂ አልጎዳቸውም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አእምሯችን የሚሠራው በመጠበቅ ነው። ለ30 ዓመት በአንድ ሰዓት የሰማውን ሳል በዚያ ሰዓት ይጠብቃል። ሰውየው ቢሄድም መጠበቁ ወዲያው አይቆምም። የማቀዝቀዣው ሞተር ትንሽ ኳ ቢል፣ እሱኑ ሳል አድርጎ ይሞላዋል። እብደት አይደለም። ፍቅር ልማዱን ገና አልለቀቀም ማለት ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 28 ላይ ያለውን ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። ንጉሥ ሳኦል ፈርቶ፣ ተጨንቆ፣ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ወደ አንዲት ሴት ይሄዳል፤ የሞተውን ሳሙኤልን አስነሺልኝ ይላታል። ኦሪት ሙታን መጥራትን ከልክሏል፤ ይህን ሳኦልም ያውቃል። እኔ ሳነበው ሁልጊዜ የሚይዘኝ መጨረሻው ነው። ሳኦል መሬት ላይ ይወድቃል፤ መጽሐፉ ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ እህል እንዳልቀመሰ ይነግረናል። ሴትየዋም ጥጃዋን አርዳ፣ ቂጣ ጋግራ፣ ብላ ብላ ለምና አበላችው። ሙት ያየ ሰው ፊቷ ላይ ወድቆ፣ እሷ መጀመሪያ ያየችው ርሃቡን ነው።

ስለዚህ ሐዘን ላይ ያለ ሰው "እናቴ መጣች" ቢላችሁ አትሳቁ፣ አትከራከሩም። "በልተሃል? ተኝተሃል?" በሉት። ድምፁ የሚሳደብ፣ "ራስህን ጉዳ" የሚል፣ ወይም ሰውን ከእንቅልፍና ከሥራ የሚያግድ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያስፈልጋል። ሌሊት የሚያናግራችሁ ሰው ካጣችሁ 1201 ላይ የዔራን የስልክ መስመር አለ።

አራተኛ፦ ዕቃ የሚወረውረው

በፍጥነት ልለፈው። ጀርመኖች ፖልተርጋይስት ይሉታል፤ ጫጫታ የሚያበዛ መንፈስ ማለት ነው። በር ይደበድባል፣ ወንበር ይገለብጣል። ታዋቂው በ1977 ለንደን ውስጥ፣ ኤንፊልድ በሚባል ሰፈር የተነሳው ነው። ጋዜጠኛው፣ ፖሊሱ፣ ተመራማሪው ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። የቤቱ ልጆች አንዳንዱን ራሳቸው ሲያደርጉ ተይዘዋል፤ ኋላም አንዳንዱን እኛ ነን ብለዋል። የቀረውን ዛሬም ይከራከሩበታል።

እንዲህ ባሉ ታሪኮች መሐል ብዙ ጊዜ አንድ ታዳጊ ልጅ አለ። የኤንፊልዱ ቤት ወላጆች የተለያዩበት ቤት ነበር። ስለዚህ "ማን ወረወረው?" ብሎ ከመመርመር በፊት "ይህ ልጅ ምን ሆኗል?" ማለት ይበጃል።

አምስተኛ፦ ሰው ላይ የሚሰፍረው

ዛርን የማያውቅ ቤት አለ? ዛር የሟች መንፈስ አይደለም፤ ራሱን የቻለ፣ ስምና ጠባይ ያለው፣ ሰው ላይ የሚሰፍር ነው። ሽቶ ይፈልጋል፣ ቡና ይፈልጋል፣ ልብስ ይመርጣል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ስለ ዛር ብዙ ጽፏል። ከአውሮፓ የመጡት ይሁዳውያን ደግሞ ዲቡክ አላቸው፤ ቃሉ ከ"መጣበቅ" የወጣ ነው፣ በሰው ላይ የሚጣበቅ የሟች ነፍስ ማለት ነው። አንስኪ ስለ እሱ የጻፈውን ቲያትር ሐቢማ በ1922 ሞስኮ ላይ በዕብራይስጥ አሳይቶታል። አንዱን የእኛን "ኋላ ቀር እምነት"፣ ሌላውን "ትልቅ ሥነ ጥበብ" የሚል ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ1994 እትሙ ዛርን ከባህል ጋር ከተያያዙ ሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በ1997 ደግሞ እስራኤል ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ስለ ኢትዮጵያ ዓሊዮትና ስለ ዛር ጽፈው፣ በሽታ ነው ወይስ ባህል የሚለውን ጥያቄ ርዕሳቸው ላይ አስቀመጡት። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገሯን፣ ጎረቤቷን፣ ቋንቋዋን ያጣች ሴት "ተጨንቄያለሁ" የምትልበት ቃል ሲጠፋት፣ ዛሯ ይናገርላታል። ዛሩ ሲናገር ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ትደመጣለች። የሚጥል በሽታም ግን ዛር ተብሎ ሳይታከም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እናቶቻችንን ወደ ሐኪም ስትወስዱ፣ ስታስተረጉሙ ቃሉን አትደብቁ። አፍራችሁ "ራሷን አሟታል" አትበሉ። "ዛር አለብኝ ትላለች፣ እንዲህ እንዲህ ያደርጋታል" በሉ። ሐኪሙ መምረጥ የሚችለው እውነቱን ሲሰማ ነው።

በመጨረሻ፦ ቃል የገባሁላችሁ

የአያቴ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ ይሠራሉ፣ ማጭድ ይሠራሉ። የቤተ እስራኤል ሰው ርስት ስለተከለከለ፣ ብዙው የሚኖረው በብረትና በሸክላ ሥራ ነበር። ቀን ማረሻ የሚያሠራቸው ጎረቤት ማታ በደጃቸው አያልፍም፤ "ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል" ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ታመመ። ሌሊት ይቃዣል፣ ይጮኻል፣ ሰው መጣብኝ ይላል። ወባ ይሁን ሌላ፣ ማንም አልጠየቀም። ሰዎች መጡና የአያቴን አባት ከቤታቸው እየጎተቱ ወሰዷቸው። "በልተኸዋል፤ እንትፍ በልበት!" አሏቸው። አያቴ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ በር ላይ ቆመው አዩ። አባታቸው ጎንበስ ብለው እንትፍ አሉ። ምን ምርጫ ነበራቸው? ልጁ ቢድን "አያችሁ፣ ቡዳ ነው"፤ ቢሞት ደግሞ "በላው"። ከሁለቱም አያመልጡም።

ልጁ ዳነ። ለቤተሰቡ ግን አልበጀም፤ ወሬው ከእነሱ ጋር ከመንደር መንደር ዞረ።

ለዚህ ነው ይህን ርዕስ የመረጥኩት። ሌሊት የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ሰው ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱን በእንቅልፉ፣ በማሞቂያው፣ በሐዘኑ፣ በበሽታው ካልፈለገው፣ ጎረቤቱ ላይ ያገኘዋል። የእኛ አያቶች ለስንት ትውልድ የሌላው ሰው ቅዠት ማብራሪያ ሆነው ኖሩ። ስለዚህ እኛ ማንንም እንዲህ ማድረግ የለብንም፤ ስለ አማት፣ ስለ ምራት፣ ስለ ጎረቤት "እሷ ናት ዓይኗን የጣለችበት" ሲባል ዝም ብለን መስማትም የለብንም።

የሚያስፈራ ነገር ሲገጥማችሁ እነዚህን ጠይቁ። ተኝቼ ነበር ወይስ ነቅቼ? እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ? ከቤት ስወጣ ይተወኛል? በቅርብ ያጣሁት ሰው አለ? ያየሁት ነገር ያጽናናኛል ወይስ ያዘኛል? ይህን ጠይቃችሁ የቀረውን ለእምነታችሁ ስጡት።

ባለፈው ሰንበት አያቴ ቤት ነበርኩ። ይህን ዝግጅት እያሰናዳሁ እንደሆነ ነግሬያቸው፣ የአባታቸውን ታሪክ ልናገር እንደምችል ፈቃዳቸውን ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "ተናገር" አሉኝ፤ "ግን ልጁ እንደዳነም ተናገር። የኛ ሰው ስለሱ ሲጸልይ አድሮ ነበር።"

ይኸው ተናገርኩ። እናንተም ሂዱና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ሳታቋርጡ አዳምጡ። እስከሚቀጥለው ጊዜ ደህና ሁኑ፣ በጎናችሁ ተኙ። ሻሎም!